«ከስታዲየሙ ያስወጣሁት እኔ ነኝ»

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጇ፤

እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ። ነገሩን ለሰው ሳወራው ስለሚስቁብኝ ነው ለእርስዎ የምጽፈው።

የምኖረው ቴክሳስ፣ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ነው። አንድ ወንድ ልጅ አለኝ፤ እዚህ ናቲ ልበለው። አሁን 15 ዓመቱ ነው። እኔ የማውቀው እግር ኳስና ሩጫ ነው። እሱ ግን ኒው ዮርክ ያለው አጎቱ የያንኪስ ኮፍያ ከላከለት ቀን ጀምሮ ቤዝቦል ላይ ወደቀ፤ ቴክሳስ ተቀምጦ የኒው ዮርክ ቡድን ደጋፊ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ2022 የያንኪሱ አሮን ጀጅ ሆም ራን እየመታ፣ ማለትም ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ እየሰደደ፣ 61 ዓመት የቆየ የሊጉ የአንድ ዓመት ሪከርድ ላይ ደረሰ። ናቲ በየጠዋቱ ከአልጋው ሲወርድ የመጀመሪያ ጥያቄው «መታ?» ነበር። 61ኛውን መታና ከሪከርዱ ጋር እኩል ሆነ። አንድ ቀረችው። ልክ በዚያ ሰዓት ቡድኑ እኛው ጋ፣ አርሊንግተን መጣ።

ማክሰኞ ኦክቶበር 4 ሁለት ጨዋታ ነበር፤ አንዱ ቀን፣ አንዱ ማታ፤ ትኬቱም ለየብቻው። እኔ መጋዘን ውስጥ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል መግባት ስላለብኝ የቀኑን ትኬት ገዛሁና ከትምህርት ቤት አስቀርቼ ወሰድኩት። ኳሷ ምናልባት ወደ እኛ ብትመጣ ብሎ ጓንቱን ይዞ ነበር። ጀጅ ሳይመታ ጨዋታው አለቀ። ናቲ «ባባ፣ የማታውንም እንግባ፤ ዛሬ ብቻ አሞኛል ብለህ ደውል» ብሎ ለመነኝ። በዚያ ወር ሁለት ጊዜ ቀርቼ ነበርና አንድ ብጨምር ከሥራ እባረር ነበር። አገር ቤት እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ገንዘቡን ከእኔ ነበር የሚጠብቁት። ይህን ለልጁ አልነገርኩትም። መኪና ውስጥ ሲያለቅስ «ጨዋታ እኮ ነው፤ ነገም ይመታል» አልኩት። «ነገ ቢመታ እኛ እዚያ አንሆንም» አለኝ። ቤት እስክንደርስ አልተነጋገርንም።

ማታ ሥራ ላይ ጓደኛዬ ስልኩን አሳየኝ። ጀጅ ጨዋታው ገና ሲጀመር፣ የመጀመሪያው መቺ ሆኖ እንደወጣ፣ በሦስተኛው ውርወራ መታት። እዚያ ብንሆን ኖሮ አምስት ደቂቃ አንጠብቅም ነበር! ጠዋት ቤት ስገባ ናቲ «ኢትስ ኦኬ ባባ» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ ከእኔ ጋር ስታዲየም ሄዶ አያውቅም። ከጓደኛው ቤተሰብ ጋር ይሄዳል። ባለፈው ወር አልጋውን ስናዞር ከፍራሹ ሥር የዚያን ቀን መመዝገቢያ ወረቀቱን አገኘሁ። ናቲ ጨዋታ ሲያይ እያንዳንዱን ምት በእርሳስ ይመዘግባል። የቀኑ ጨዋታ ገጽ ሙሉ ነው። ለማታው ያዘጋጀው ገጽ ላይ ግን የተሞላችው አንዲት ሣጥን ብቻ ናት፤ የጀጅ። ሌላው ባዶ ነው። ወረቀቱን ይዤ አልጋው ላይ ብዙ ቆየሁ።

ባለቤቴ «ረስቶታል፤ አትቀስቅስበት» ትላለች። ወንድሜ «እኛ በሱ ዕድሜ ስንቱን አጥተን አላለቀስንም» እያለ ይስቃል። እኔ ጀጅ የፈረመበት ኳስ ልገዛለት አስቤያለሁ፤ የሁለት ሳምንት ደሞዜን ይበላል። ልግዛው? ልናገረው? ወይስ ጊዜ ይፍታው?

አንድ ነገር ልጨምር። በ2020 የቀነኒሳ የ10 ሺህ ሜትር ሪከርድ የተሰበረ ዕለት መኪናዬ ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር። ናቲ መጥቶ «ባባ፣ ሰው ሞተ?» አለኝ። ነገርኩት። ምንም ሳይል ገብቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ይህን ለምን እንደምጽፍልዎ አላውቅም፤ ሰሞኑን ግን እየመጣብኝ ነው።

የናቲ አባት፣ ከጋርላንድ

*

የናቲ አባት፣ ጤና ይስጥልኝ።

«ለምን እንደምጽፍልዎ አላውቅም» ካሏት ነገር ልጀምር፤ እኔን ከሁሉም በላይ የያዘችኝ እሷ ናትና።

ያን ዕለት አስታውሳለሁ። ኦክቶበር 7 ቀን 2020፣ ስፔን፣ ቫለንሲያ። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ 25ቱን ዙር በ26 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ጨረሰ። ቀነኒሳ በ2005 ብራስልስ ላይ ያስመዘገበው 26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ 15 ዓመት ቆይቶ ወደቀ። የ5 ሺህ ሜትሩንም ያው ልጅ ከሁለት ወር በፊት ሞናኮ ላይ ወስዶት ነበር። በዚያው ምሽት፣ በዚያው ሜዳ፣ የእኛዋ ለተሰንበት ግደይ የጥሩነሽን የ5 ሺህ ሜትር ክብረ ወሰን አሻሻለች። ደስ ሊለን ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎናል። ግን የቀነኒሳ ሌላ ነበር። ሰው ወጣትነቱን ያየበት ነገር ሲነሣበት ምን እንደሚሰማው ያውቁታል፤ መኪና ውስጥ ብቻዎን ያስቀመጠዎት እሱ ነው።

ናቲ ያኔ 10 ዓመቱ ነበር። ስለ ሩጫ ያለው እውቀት እርስዎ ስለ ቤዝቦል ካለዎት አይበልጥም። ያዘኑበት ነገር እንዳልገባው እገምታለሁ፤ እርስዎ ማዘንዎ ግን ገባው። «ሩጫ እኮ ነው፤ ነገ ሌላ ይሮጣል» አላለዎትም። በሩን ከፍቶ ገብቶ ተቀመጠ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ እሱ አለቀሰ፤ ያውም መኪና ውስጥ። ይህን የማነሣው ላቆስልዎት አይደለም። ቀነኒሳን ወደ ደብዳቤዎ ያመጣው የራስዎ ልብ ነው፤ የጎደለው ምን እንደሆነ እሱ ቀድሞ ያወቀ ይመስለኛል።

ከሁሉ በፊት ግን በግልጽ ልንገርዎ፤ ወደ ሥራ መሄድዎ ጥፋት አልነበረም። እናትዎ ሆስፒታል፣ ሥራው በአንድ ቀሪ ሊሄድ፣ ትኬቱን በአቅምዎ ገዝተው፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርተው ወስደውታል። እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እሄድ ነበር። በዚህ አገር የማታ ፈረቃ የሚሠራ አባት ስንት የልጁን ቀን እንደሚያጣ ስንቶቻችን እናውቃለን። ስለዚህ ለመሄድዎ ይቅርታ አይጠይቁ። ይህን የምለው ለማጽናናት ብቻ አይደለም፤ ላልበደሉት ነገር ይቅርታ ከጠየቁ የጎዳው ነገር ሳይነካ ይቀራል።

የጎዳው «ጨዋታ እኮ ነው» የሚለው ቃል ይመስለኛል።

ያቺ ቃል ለምን እንደከበደች እንዲታይዎት፣ ልጁ ሲጠብቅ የነበረውን ነገር ትንሽ ላጫውትዎ። ቤብ ሩት የሚባለው ታላቅ መቺ በ1927 በአንድ ዓመት 60 ሆም ራን መታ። 34 ዓመት ማንም አልነካውም። በ1961 ሮጀር ማሪስ 61 አደረሰው፤ ሁለቱም የያንኪስ ልጆች ናቸው። ማሪስ በዚያ ዓመት ከጭንቀት ብዛት ፀጉሩ ይረግፍ ነበር። ሩትን የሚወድ ሁሉ ጠላው፤ የጨዋታው ብዛት ከሩት ዘመን ስለበለጠ ሪከርዱ ለብቻው ተለይቶ ይጻፍ ብለው የስፖርቱ ትልቁ ሹም ራሳቸው ተናገሩ። 61ኛውን የመታ ቀን ስታዲየሙ ውስጥ የነበረው ሰው 23,154 ብቻ ነበር፤ ከግማሽ በላይ የሆነው መቀመጫ ባዶ ነበር። የአሜሪካ ቤዝቦል ሁለት ሊግ አለው፤ ያንኪስ የሚጫወተው በአንዱ ነው። ኋላ በሌላው ሊግ ከዚያ በላይ የመቱ መጥተዋል፤ ባሪ ቦንድስ በ2001 ያደረሰው 73 ነው። ነገር ግን የእነሱ ዘመን በአበረታች መድኃኒት ወሬ ስለተበከለ፣ ብዙ ደጋፊ ልቡን ማሪስ 61 ላይ ትቶ ሲጠብቅ ኖረ።

ጀጅ ሴፕቴምበር 28 ቶሮንቶ ላይ 61ኛውን ሲመታ የሟቹ የማሪስ ልጅ እዚያ ነበር፤ ጨዋታ በጨዋታ ሲከታተለው ከርሟል። ከጀጅ እናት ጋር ተቃቅፈው የታዩትን ብዙዎቻችን አይተናል። አባቱ የተጠላበት ቁጥር በክብር ሲነሣ ለማየት ነበር የመጣው። ከዚያ በኋላ አምስት ጨዋታ ሙሉ ምንም የለም። ኒው ዮርክ ላይ ሦስት ቀን ሕዝቡ እያንዳንዱ ውርወራ ሲመጣ ቆሞ፣ ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ፤ ሳያይ ወደ ቤቱ ሄደ። አርሊንግተን ላይ ሰኞ ማታም የለም። ማክሰኞ ቀን፣ እናንተ በነበራችሁበትም የለም። እንግዲህ ናቲን በዚህ ውስጥ ያስቡት። 12 ዓመቱ ነው፤ ጓንቱን ይዟል፤ ይህ ሁሉ ከመቀመጫው ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል፤ አባቱ ደግሞ አጠገቡ ነው።

ምቱንማ በቴሌቪዥን አይቶታል፤ ሣጥኗን የሞላት ለዚያ ነው። ያጣው ከእርስዎ ጋር ሆኖ ማየቱን ነው። «እኛ እዚያ አንሆንም» ነበር ያለው። «እኔ» አላለም። ደብዳቤዎን መልሼ ሳነብ እዚያ ቃል ላይ ቆምኩ።

አሁን አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎ። መልሱን ለእኔ አይላኩልኝ፤ ለራስዎ ያስቡት። በእነዚህ ዓመታት ናቲ ከእርስዎ የራቀው ስታዲየም ላይ ብቻ ነው ወይስ በሌላውም? የ15 ዓመት ልጅ ከወላጁ ፈቀቅ ማለቱ ያለ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ምሽት ላይ ጭነው ራስዎን እንዳይቀጡ እሰጋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህስ እርስዎ «እንሂድ» ብለውት ያውቃሉ? ወይስ እሱ እስኪጠይቅ እርስዎ፣ እርስዎ እስኪጠይቁ እሱ ሲጠባበቁ ዓመታት አለፉ? ባለቤትዎስ ያን ምሽት ቤት ከነበሩ ፊቱን ያዩት እሳቸው ናቸው። ምን እንዳዩ ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?

ባለቤትዎ «አትቀስቅስበት» ማለታቸውን አልነቅፍም። እናት የዳነ የመሰላትን ቁስል መንካት ትፈራለች። ግን የረሳ ልጅ ወረቀት ከፍራሹ ሥር አያኖርም። ሊጥለው ይችል ነበር፤ ግድግዳው ላይ ሊለጥፈውም ይችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገም። ከመናገርዎ በፊት ለእሳቸው ወረቀቱን ያሳዩአቸው፤ ሐሳባቸው ሊለወጥ ይችላል፤ ባይለወጥም ከጀርባቸው የተደረገ አይሆንም።

ወንድምዎን በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። የእኛ ትውልድ ብዙ አጥቷል፤ እውነት ነው። ያጣነውን ማንም ስላልጠየቀን ግን ዛሬም አንዳንዶቻችን መኪና ውስጥ ብቻችንን እንቀመጣለን።

ወደ ኳሱ ልምጣ። አሁን አይግዙት። 62ኛዋን ኳስ ራሷን አንድ ሰው በ1.5 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ገዝቷታል፤ ለአንዳንዱ ሰው ኳስ ይህን ያህል ትርጉም አላት፤ ስጦታው ከንቱ ነው እያልኩዎት አይደለም። የምፈራው ቅደም ተከተሉን ነው። ይቅርታ ሳይቀድም ካሳ ከመጣ፣ ልጁ «በዚህ ይብቃህ» የተባለ ሊመስለው ይችላል። መደርደሪያው ላይ ያስቀምጠዋል፤ ባየው ቁጥርም ያቺ መኪና ትታወሰዋለች። የሁለት ሳምንት ደሞዝ እንደወጣበት ሲያውቅ ደግሞ እንዳልተደሰተ መናገር ያፍራል፤ እንደገና «ኢትስ ኦኬ ባባ» ይልዎታል። ከተነጋገራችሁ በኋላ እሱ ራሱ ቢፈልገው ያኔ ይግዙለት፤ ያኔ ኳስ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ይናገሩት እላለሁ። እንዴት ለሚለው፣ እኔ ብሆን የማደርገውን ልንገርዎ።

ሳሎን አስቀምጠው «ና እስቲ፣ የምነግርህ አለ» አይበሉት። እንደዚያ ሲጠራ ልጅ ጥፋቱን መፈለግ ይጀምራል። 15 ዓመቱ ከሆነ ቴክሳስ ውስጥ የመንጃ ልምምድ ፈቃድ የሚወጣበት ዕድሜ ላይ ነው፤ ጀምሮ ከሆነ አጠገቡ የሚቀመጡት እርስዎ ይሁኑ። ካልጀመረም እርስዎ እየነዱ ይሁን። መኪና ውስጥ ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ለወንድ ልጅና ለአባት ይህ ብዙ ያቀላል። ያቺ ቃልም የወጣችው መኪና ውስጥ ስለሆነ እዚያው ብትነሣ ደስ ይለኛል።

ቃሉ አጭር ይሁን። «ናቲ፣ የጀጅ ቀን ስታለቅስ ጨዋታ እኮ ነው ብዬህ ነበር። ለአንተ ጨዋታ ብቻ እንዳልነበረ ማወቅ ነበረብኝ። ይቅርታ ልጄ።» እዚህ ላይ ይቁሙ። እባክዎ «ግን» አይጨምሩበት። «ይቅርታ፣ ግን ሥራ ነበረብኝ» ካሉት የሚሰማው ከ«ግን» በኋላ ያለውን ብቻ ነው። በአማርኛ ይበሉት፤ ሌላውን ወሬ በእንግሊዝኛ ብታወሩም ይህችኛዋ በአማርኛ ትሁን። ከአባቱ አፍ በአማርኛ የወጣ ይቅርታ ይገባዋል።

የእናትዎን ሕመምና የሥራውን ነገርም ሊያውቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን በሌላ ቀን። በ12 ዓመቱ እንዳይጨነቅ ብለው ደብቀውታል፤ ደግ አደረጉ። አሁን አድጓል፤ አያቱ ናቸው፤ አባቱ ያን ምሽት ምን ተሸክሞ ወደ መጋዘን እንደገባ ማወቅ መብቱ ነው። በአንድ ቀን ሁለቱን ከነገሩት ግን ይቅርታው ምክንያት ይሆንበትና የተቆጣው ልጅ ራሱን እንደ በደለኛ ሊያይ ይችላል። ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ይቆዩ። ምናልባት እሱ ራሱ «ለምን መቅረት አልቻልክም?» ብሎ ይጠይቅዎት ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነበር።

ይቅርታ ሲጠይቁት ምንም ላይል ይችላል። ትከሻውን ነቅንቆ ሙዚቃ ሊከፍት ይችላል፤ ሊቆጣም ይችላል፤ «አሁን ነው የምትነግረኝ?» ሊልዎት ይችላል። ቢቆጣ አይደንግጡ፤ ቁጣው ከ«ኢትስ ኦኬ» ይሻላል። አይመልሱለት፤ መሪው እሱ እጅ ከሆነ ግን መጀመሪያ መኪናውን ያስቁሙት። ዝም ካለም ዝም ይበሉ። እሱ በ10 ዓመቱ ያደረገልዎትን ማድረግ ብቻ ነው፤ አጠገቡ መቀመጥ።

ወረቀቱንስ? ከፍራሹ ሥር እንዳገኙት አይደብቁ፤ ሰላዩ መስለው እንዳይታዩትም «አልጋውን ስናዞር አየሁት፤ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ» ይበሉት። ከዚያ እንዲያስተምርዎ ይጠይቁት። በእያንዳንዷ ሣጥን ውስጥ ትንሽ የሜዳ ቅርጽ አለች፤ መቺው ዞሮ ሲገባ ትሞላለች፤ ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ሲያስወጣው ሌላ ምልክት አለ። ናቲ ሁሉንም ያውቃል፤ እርስዎ አንዱንም አያውቁም። ልጅ አባቱን የሚያስተምርበት ነገር ሲያገኝ ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ ያዩታል። ባዶው ገጽ ባዶ ይቅር፤ እሱን ለመሙላት አይሞክሩ፤ የዚያ ምሽት ነው። አዲስ ወረቀት ይግዙ፤ ከቤት ሆናችሁ አንድ ተራ ጨዋታ፣ ምንም ሪከርድ የሌለበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብራችሁ መዝግቡ። እርስዎ ሲሳሳቱ ይቆጣዎት።

የቀነኒሳንም ሩጫ ያሳዩት። የብራስልሱን። ሰውየው በመጨረሻው ዙር እንዴት እንደሚሮጥ ሲያይ ያን ቀን መኪና ውስጥ ምን እንደነበር ይገባዋል፤ ይህንንም ራሱ ይጠይቅዎት ይሆናል።

በመጨረሻም ስታዲየሙ። ያንኪስ አርሊንግተን የሚመጣበትን ቀን ከፕሮግራሙ ላይ እሱ ይምረጥ። ሪከርድ እንዲሰበር አትጠብቁ፤ ያ የሚመጣው በራሱ ጊዜ ነው። የማታ ጨዋታ ይሁን፤ ጓንቱን ይያዝ፤ መቼ እንደምትወጡ የሚወስነውም እሱ ይሁን፣ እኩለ ሌሊት ቢሆን እንኳ። ለዚያ ምሽት አለቃዎን ፈቃድ የሚጠይቁት ግን ትኬቱን ከመግዛትዎ በፊት ይሁን፤ ሲፈቀድልዎም ለናቲ ራስዎ ይንገሩት።